የደከመች ጊደር የተገራች አይደለችም፦ ከቦረና ወደ ቢሾፍቱ የመጡ 5 ጊደሮች ጉዳይ

በ2015 ዓ.ም. የገና በዓል እንዳለፈ 5 የቦረና ጊደሮች በአይሱዙ ተጭነው ቢሾፍቱ ከተማ ዳር ወደሚገኝ አነስተኛ የወተት እርባታ ገቡ። የእርባታው ባለቤት ሥራውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ወይዘሮ ናቸው። በጋጣቸው ያሉት የሆለስታይን ዲቃላዎች ወተታቸው ጥሩ ቢሆንም መኖ ሲወደድ ቶሎ የሚከሱ፣ ሙቀትና መዥገር የማይችሉ ሆነው አስቸግረዋቸዋል። ስለዚህ የቦረና ጊደሮችን ገዝተው በሰው ሠራሽ ዘዴ ከሆለስታይን ሊያዳቅሏቸው አሰቡ፤ ጥጆቹ ከእናታቸው ጥንካሬን፣ ከአባታቸው ወተትን እንዲወርሱ። ስሌቱ አዲስ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የአበርኖሳ ራንች የቦረና ላሞችን ከፍሪዥያን፣ ማለትም ከዚያው ከሆለስታይን ወገን፣ እያዳቀለ ጊደሮቹን ለገበሬዎች ሲያከፋፍል የኖረው በዚሁ ሐሳብ ነበር።

የጊደሮቹ ዋጋ ለማመን የሚከብድ ርካሽ ነበር፤ ምክንያቱ ግን የሚያስደስት አይደለም። ቦረና ላይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዋናው ዝናብም፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚመጣው አጭሩ ዝናብም ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለ5 ተከታታይ ወቅቶች ከድቶ ነበር። ከብቱ እንደ ቅጠል ረግፏል። አርብቶ አደሩ የተረፈውን ከብት ሜዳ ላይ ሞቶ ከሚያየው በተገኘው ዋጋ ወደ ገበያ ያወጣል። እነዚህም ከዱብሉቅ ገበያ ሲገዙ የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ ይቆጠር ነበር፤ ሻኛቸው ሟሽሾ ወደ ጎን ዘምሟል።

ከዱብሉቅ ቢሾፍቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቡሌ ሆራ፣ በዲላ፣ በሐዋሳና በሞጆ አድርገው ሲደርሱ አንዷ በሰው ተደግፋ ነው ከመኪናው የወረደችው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። አንገታቸው ላይ ገመድ ሲገባ ዝም፤ ሰው ጀርባቸውን ሲዳስስ ዝም፤ የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ጆሯቸውን ሲጎትቱም ዝም። የጥምቀት ዕለት ታቦት በአጥሩ ጀርባ በከበሮና በእልልታ ሲያልፍ ቀና እንኳ አላሉም። ወይዘሮዋ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጨዋ ከብት አይቼ አላውቅም» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ተናገሩ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሠሩት ሥራ እንከን የሚወጣለት አይደለም። ጊደሮቹን ከቀድሞዎቹ ላሞች ለ3 ሳምንታት ለይተው አቆዩ፤ በዕቃም በሠራተኛም እንዳይገናኙ ተጠነቀቁ። መኖውንም በድርቆሽና በጤፍ ጭድ ጀምረው ፉሩሽካውንና የኑግ ፋጉሎውን በኋላ፣ ጥቂት በጥቂት ጨመሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል፦ የተራበ ከብት ሲያይ አዝኖ መጀመሪያውኑ ፉሩሽካ ይደፋለታል፤ ከርሡ ያልለመደው ብዙ ፉሩሽካ ሲገባበት ይኮመጥጥና ከብቱ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። አባ ሰንጋ፣ አባ ጎርባና ጎሮርሳም የተከተቡት ጥቂት ካገገሙ በኋላ ነበር።

ጥር ሊያልቅ ሲል ፀጉራቸው መለስለስ፣ ሻኛቸው ቀና ማለት ጀመረ። አብሮም ሌላ ነገር መጣ። ሰው ሲገባ ወደ ማዶው ጥግ ይሰበሰባሉ። የባልዲ ድምፅ ሲሰሙ አጥሩን ይገፋሉ። ውኃውን ሰው እያየ አይጠጡም፤ ሌሊት ግን ገንዳው ባዶ ሆኖ ያድራል። የካቲት አጋማሽ ላይ ሁለት ጎረምሶች የመዥገር መድኃኒት ሊረጩላቸው ገመድ ይዘው ገቡ። ዳለቻ የሚሏት ጊደር ገመዱ አንገቷ ውስጥ እንደገባ ደረት የሚደርሰውን አጥር ዘለለች፤ ገመዱን የያዘውን ልጅ ጎትታ መዳፉን ላጠችው። በፈረሰው አጥር ሁለት ሌሎች ተከተሏት። ሦስቱ የተገኙት በማግስቱ ረፋድ፣ ሽምብራው ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ነው።

እኔ የተጠራሁት ያን ዕለት ነው። ወይዘሮዋ በር ላይ ተቀብለውኝ «ዶክተር፣ አበዱብኝ!» አሉ። (የእንስሳት እርባታ ባለሙያ እንጂ ሐኪም እንዳልሆንኩ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።) ጎረቤቱ ጥፋቱን በፋጉሎው ላይ አሳብቧል፤ አንዱ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው ብሎ ሰፈሩን አሸብሯል። የመጨረሻው በዋዛ የሚታለፍ ጥርጣሬ ስላልሆነ የወረዳው ሐኪም መጥቶ አያቸው። ለሐጭ አያዝረከርኩም፣ መዋጥ አላቃታቸውም፣ የኋላ እግራቸው አይንገዳገድም፣ ሌሊቱን ሙሉ አያገሱም። ይበላሉ፣ ያመሰኳሉ። ጤነኞች ናቸው።

በእኔ አስተያየት የተለወጠ ጠባይ አልነበረም። ጊደሮቹ በጥር መጀመሪያም የዱር ያህል ሰው የማያውቁ ነበሩ፤ ያን ጊዜ ያጡት እምቢ የሚሉበትን አቅም ነው። የጆሮ መጎተትን የታገሡት ሰውን ወድደው አልነበረም፤ ሩጫ የሚያስከፍለውን ጉልበት ሥጋቸው ሊከፍል ስላልቻለ ነው። ድርቆሹና ጭዱ ያን ጉልበት መለሰላቸው፤ ከጉልበቱ ጋርም ፍርሃታቸው የሚታይ ሆነ። ይህን ለወይዘሮዋ ሳስረዳቸው ቅር አላቸው። «ታዲያ አብልቼ ነው ያባለግኋቸው?» አሉኝ። አብልተው አዳኗቸው፤ የመግራቱ ሥራ ግን ገና አልተጀመረም ነበር።

እዚህ ላይ ጊደሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። የቦረና አርብቶ አደር መንጋውን በሁለት ይከፍላል። ዋራ የሚባለው የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች ያሉበት ሲሆን ከመንደሩ አይርቅም፤ ሴቶችና ልጆች በየዕለቱ ይነካኩታል። ፎራ የሚባለው ደግሞ የነጠፉ ላሞች፣ ጊደሮችና ወይፈኖች የሚሰባሰቡበት ነው፤ ወጣት እረኞች ይዘውት ሣርና ውኃ ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል፣ በድርቅ ጊዜማ ከቤት የሚለይበት ጊዜ ይረዝማል። የኛዎቹ ከፎራ የመጡ ናቸው። ከቦረና እረኛ ጋር ሲኖሩ ሰው ቦታ አለው፦ ከኋላ ወይም ከጎን በርቀት ይከተላል፣ በድምፁ ይመራል፣ ጥልቅ ጉድጓዶቹ ላይ እየዘፈነ ውኃ ያጠጣል። ሰው ተጠግቶ የነካቸው ጥሎ በጋለ ብረት ምልክት ሲያደርግባቸው፣ ሲከትባቸውና በገበያ ሲያስራቸው ብቻ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ጠባብ በረት ይህን ሥርዓት ገለበጠባቸው፤ ሰው በፊት ለፊት ይመጣባቸዋል፣ ራሳቸውን ሊይዝ እጁን ይዘረጋል፣ የሚሸሹበት ሜዳ ደግሞ የለም።

ውኃ አለመጠጣታቸው ወይዘሮዋን ከምንም በላይ አስጨንቋቸው ነበር። ሆለስታይን አንድ ቀን ውኃ ብታጣ ወተቷ ወዲያው ይወርዳል። የቦረና ከብት ግን በበጋ በየሦስት ቀኑ ውኃ መውረድ የለመደ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ መዋላቸው ለሞት አያሰጋም። እኔን ያሳሰበኝ ለምን እንደማይጠጡ ነበር። ገንዳው ለሁለት የተከፈለ ሰማያዊ በርሜል ነው፤ ከላዩ የተነቃነቀ የቆርቆሮ ጣሪያ በነፋስ እያንኳኳ ጥላውን ውኃው ላይ ያወዛውዛል። የከብት ዓይን በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆነ ከበስተኋላው በቀር ዙሪያውን ያያል፤ ጥልቀትን ለመለየት ግን ደካማ ነው፣ የጥላና የብርሃን ድንበርም ያስደነግጠዋል። ጆሮውም ሰው የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ይሰማል። በርሜሉ ተነሥቶ በምትኩ ዝቅ ያለ፣ ጠርዙ በጭቃ የተለሰነ ገንዳ ተሠራ፤ ቆርቆሮው በሚስማር ተመታ። ሌላ ምንም ሳይደረግ ጊደሮቹ በጠራራ ፀሐይ መጠጣት ጀመሩ።

ቀጥሎ ክርክሩ መጣ። የሰፈሩ ምክር ሦስት ዓይነት ነበር፦ የአንገታቸውን ገመድ አሳጥሮ ከግንድ ጋር አስሮ እስኪላመዱ ማስራብ፣ አፍንጫቸውን መውጋት፣ አለዚያም በዱላ ማስተዋወቅ። «ያልተመታ ከብት መቼ ተገርቶ ያውቃል?» ያሉኝ ሰው ራሳቸው በደንብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ስለ ዱላው አልተስማማሁም፤ ነገር ግን የእርሻውን ልምድ ራሱን አስታወስኳቸው። ወይፈን እርሻ ሲማር ብቻውን አይጠመድም። ከጎኑ ነገሩን የጨረሰ ሽማግሌ በሬ ይደረጋል፤ ወይፈኑ ቢዘልም ቢተኛም በሬው ፈሩን ይዞ ይሄዳል። ከጅራፉ ይልቅ የሚያስተምረው ያ በሬ እንደሆነ አራሹ ሁሉ ያውቃል። ማስራቡን በተመለከተ ደግሞ ርኀብ እነዚህን ጊደሮች አንድ ጊዜ ጨዋ አድርጓቸው አይተናል፤ ምን ያህል እንደቆየም አይተናል።

ስለዚህ ሽማግሌ በሬ ባይኖርም አሮጊት ላም ተፈለገች። ለይቶ የማቆያው ጊዜ አልፎ ስለነበር ማቀላቀሉ አላሳሰበንም። ወይዘሮዋ ከላሞቻቸው መካከል የነጠፈች፣ ሰው ሲያክካት ዓይኗን የምትጨፍን አንዲት ዲቃላ ወደ ጊደሮቹ በረት አስገቡ። ከብት ከምንም በላይ የሚፈራው ብቻውን መቅረትን ነው፤ ሌላው ከብት ሲረጋጋም ይረጋጋል። አሮጊቷ ሰው ሲመጣ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ወደ ግርግሙ ስትሄድ ጊደሮቹ ጥጋቸው ውስጥ ሆነው ሁሉን ያያሉ።

አጥሩ ሰው እስኪጋርድ ድረስ በባሕር ዛፍ አጣና ከፍ ተደረገ፤ ሊዘለል እንደማይችል የሚያይ ከብት መዝለልን አያስብም። ውሻው ወደ ፊት ለፊት በር ተወሰደ። አጥር ላይ የሚሰጣው ልብስና ፌስታል ተነሣ። ልጆች እንዳይገቡ ተከለከሉ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ስለ እሱ ብዙ የሚባል የለም።

ብዙ የሚባልለት የጥበቃው አዛውንት ሥራ ነው። ወይዘሮዋ «ጋሼ» እያሉ የሚጠሯቸው፣ ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቸኩለው የማያውቁ ሰው ናቸው። የመረጥኳቸውም ስለዚህ ነው። ጎረምሶቹ ከበረቱ እንዲርቁ ተደረገ፤ መኖውን የሚሰጡ እሳቸው ብቻ ሆኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ያንኑ ካፖርት ለብሰው። ጠዋትና ማታ መኖውን አድርገው ሲጨርሱ በረቱ ውስጥ በበርጩማ ተቀምጠው ይቆያሉ፤ ጊደሮቹን አያዩም፣ እጃቸውን አይዘረጉም። የጀመሩት ወደ በሩ ተጠግተው ነው፤ በርጩማው ወደ ግርግሙ የሚጠጋው ጊደሮቹ እሳቸው ባሉበት ሲበሉ ብቻ ነው። ካልበሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ተቀምጬ ደመወዝ ስበላ ሰው ይታዘበኛል» ብለው ነበር በመጀመሪያ፤ እየቆዩ ግን ከማንም በላይ ጊደሮቹን የሚያነቡ እሳቸው ሆኑ።

እያንዳንዱ ከብት ዙሪያውን ሰው ሲገባበት የሚንቀሳቀስበት ክልል አለው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ቴምፕል ግራንዲን በዓለም ዙሪያ የታወቀችበት ሥራ አንዱ ክፍል ይህን መሸሻ ርቀት የሚመለከት ነው፦ ከጠርዙ ላይ ቆመህ ትንሽ ስትገባ ከብቱ ይሄዳል፣ ስትወጣ ይቆማል፤ ትከሻውን አልፈህ ወደ ፊት ከሄድክ ወደ ኋላ ይላል፣ ከትከሻው በስተኋላ ከሆንክ ወደ ፊት ይራመዳል። በጥልቀት ከገባህበት ግን ወይ ይሮጣል ወይ ዞሮ ይመጣብሃል። በዚያው በኮሎራዶ፣ በዴንቨር የእንስሳት ማቆያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ኒያላዎችን፣ የባሌው ደጋ አጋዘን ዘመዶችን፣ ምግብ እየሰጡ በገዛ እግራቸው ሣጥን ውስጥ ገብተው ደም እስኪቀዳላቸው ድረስ አላምደዋቸዋል። ለሣጥኑ በር ድምፅ ብቻ ቀናት ፈጅቷል። ኒያላ ደንግጦ ከአጥር ጋር ተላትሞ አንገቱን የሚሰብር እንስሳ ነው። እሱ ከቻለ ጊደር አትችልም የሚል ሰው ሊያሳምነኝ አይችልም።

አዛውንቱ መሸሻ ርቀት የሚል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ ሥራውን ግን የሠሩት እንዲህ ነው። መጋቢት መግቢያ ላይ አንድ ማለዳ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ቡላ የተባለችው ጊደር ከአሮጊቷ ላም ጎን ድርቆሽ ታነሣለች። ሰውየው ከበርጩማቸው ተነሥተው ወደ እሷ ሳይሆን በጎኗ አቅጣጫ፣ ወደ ትከሻዋ አስልተው፣ መሬት መሬት እያዩ ጥቂት ተራመዱ። የቡላ የቀኝ ጆሮ ወደ እሳቸው ዞረ። ቆሙ። ማኘኳን አቆመች፤ ራሷ ከፍ አለ፣ የዓይኗ ነጭ ታየ። ሰውየው ሳይቸኩሉ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ጆሮዋ ተመለሰ፣ ራሷ ወረደ፣ ማኘኳን ቀጠለች። ያኔ ፊታቸውን አዙረው ሄደው ተቀመጡ። በቃ። የዚያ ጠዋት ሥራ ይኸው ነበር። ጊደሯ የተማረችው ግን ብዙ ነው፦ ጸጥ ብላ ከቆመች ሰውየው የሚሄዱላት መሆኑን። ሩጫ ሳያስፈልጋት ርቀቷን የምታስከብርበት መንገድ አገኘች።

ሁለተኛው መሣሪያ ጨው ነበር። ከዱብሉቅ ብዙም በማይርቀው የኤል ሶድ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ካለው ሐይቅ የቦረና ሰዎች ለከብታቸው ጨው ያወጣሉ፤ አገሬው በአማርኛ ጨው ቤት ይለዋል። ስለዚህ ጊደሮቹ ስለ ጨው ያላቸው ትዝታ ከሰው ጋር ካላቸው ትዝታ ሁሉ የተሻለ ነው። አሞሌ በመጀመሪያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠላቸው፤ ድንጋዩ ከበርጩማው አጠገብ ሆነ፤ ቆይቶ አሞሌው በሰውየው ጉልበት ላይ ባለ ሳንቃ ላይ፣ ከዚያ መዳፋቸው ላይ። ቡላ መዳፍ ስትልስ እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፤ ከብቷ ስትጠጋ ደስ ብሎት ሌላውን እጁን ይልካል። አዛውንቱ ምላሷን አስልሰው አሰናበቷት።

ለመንካት የተጠቀሙት ጫፉ ላይ የሣር ብሩሽ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ነው። በዘንጉ ከሩቅ ሆነው በመጀመሪያ ሻኛዋንና የሻኛዋን ሥር፣ ቀጥሎ ከአንገቷ በታች ያለውን ቆዳ ይዳስሳሉ። ቦታዎቹ በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም፤ ላሞች እርስ በርሳቸው ሲላላሱ የሚመርጧቸው ናቸው፣ ሰውም ላም ሲያሻሽ እዚህ ቢያሻሽ የልብ ምቷ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ራስንና ፊትን መደባበስ፣ ሰው ደስ ቢለውም፣ ላልለመደች ጊደር ማስፈራሪያ ነው። ዘንጉ እያጠረ ሄደ። ፋሲካ ሲቃረብ ሦስቱ መዥገራቸው በእጅ እየተለቀመላቸው ቆመው ያመሰኩ ነበር።

መርፌውና ገመዱ ለሌላ ሰው ተተዉ። ከበረቱ ጎን ከአጣና ጠባብ መተላለፊያ፣ ባለሙያዎች ክራሽ የምንለው፣ ተሠራ። ለሳምንታት በውስጡ አልፈው ማዶ ፉሩሽካ ከመብላት በቀር ምንም አላጋጠማቸውም። አሮጊቷ ትመራለች፣ እነሱ ይከተላሉ። መዝጊያው የተጣለባቸው እየበሉ ቆመው መቆየትን ሲለምዱ ነው። በክራሹ ውስጥ የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጉ ወጊው ሌላ ልብስ የለበሰ ሌላ ሰው ነበር፤ ጋሼ በዚያ ቀን በአካባቢው እንኳ አልታዩም። ከብት ሰውን በመልኩ፣ በልብሱና በድምፁ ይለያል፤ ክፉም ደግም ያደረገለትን አይረሳም። የሚያበላና የሚወጋ አንድ ሰው ከሆነ የወራት ልፋት በአንድ መርፌ ሊፈርስ ይችላል።

ይህ መለየታቸው ሌላ ጣጣ አመጣ። አዛውንቱ ለፋሲካ አገራቸው ሲሄዱ ጊደሮቹ ወደ ጥጋቸው ተመለሱ፤ ለአንድ ሰው መገራት ለሰው ሁሉ መገራት አይደለምና። ወይዘሮዋ ተናደው ደወሉልኝ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ጋሼ ሲመለሱ ልጃቸውን ይዘው መግባት ጀመሩ። ልጁ የአባቱን አሮጌ ካፖርት ለብሶ፣ በመጀመሪያ አብሮ ተቀምጦ፣ ቆይቶ ጨው እየሰጠ። ቀጥሎ ወይዘሮዋ ራሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው እንዳይርገበገብ ወገባቸው ላይ አሥረው ገቡ። ጊደሮቹ ሦስተኛውን ሰው የተቀበሉት ከመጀመሪያው እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው።

የ5ቱ ታሪክ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ዳማ የተባለችው፣ ከሁሉም የጠነከረችውና ከመኪናው ያለ ድጋፍ የወረደችው፣ ጨው ከድንጋይ ላይ ትልሳለች፤ ሰው ከተቀመጠበት ግን አትደርስም። ስትጨነቅ ከመሸሽ ይልቅ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትመጣለች። አንድ ጊዜ አዛውንቱን አጥር ጋር አጣብቃ ጎናቸውን ጎዳቻቸው፤ በዕድል አጥንት አልተሰበረም። ከዚያ በኋላ አስተያየቴ የማያሻማ ሆነ፦ ከበረቱ መውጣት አለባት። ጠባይ በከፊል ከዘር የሚወረስ ነገር ነው፤ ዛሬ የምታድናት ዳማ ነገ ደንባራ ጥጃ ትወልዳለች። የሌሎቹንም ሰላም ታውካለች፤ እሷ በደነገጠች ቁጥር ሁሉም ይደነግጣሉ። ወይዘሮዋ «ከድርቅ ያወጣኋትን እንዴት ለቢላ እሰጣታለሁ?» ብለው ተከራከሩኝ፤ ለሌላ ገበሬ ልንሸጣት እንችላለን ወይ ብለውም ጠየቁ። ሕፃናት ላሉበት ቤት እንዲህ ያለችውን ጊደር ጠባይዋን ደብቆ መሸጥ ነውር ነው፤ ጠባይዋን ነግሮ ደግሞ ገዢ አይገኝም። ለብቻዋ ሳትሆን ከአንድ ሌላ ከብት ጋር እንድትደልብ ተደርጋ ለሥጋ ተሸጠች። ትክክል ነበር እላለሁ፤ ወይዘሮዋ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም።

መገራታቸው ዋጋውን ያሳየው በማዳቀሉ ሥራ ነው። የቦረና ጊደር ኮርማ የምትፈልግበት ሰዓት ከሆለስታይን ያጠረ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት ስለሚሆን በቀላሉ ያመልጣል። ሰው ሲመጣ የምትሸሽ ከሆነች ምልክቱን የሚያይ አይኖርም። እነዚህኞቹን ግን ጋሼ ሌሊት በባትሪ ሲዞሩ ሳይነሡ እየተኙ ስለሚያሳልፏቸው፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ስትወጣ ያያሉ፤ ንጋት ላይ አዳቃዩ ይጠራል። ክራሽ ውስጥ የተጨነቀች ጊደርን ማዳቀል ብዙ ጊዜ ከንቱ ልፋት ነው። ቡላ በሰኔ ቀድማ ፀነሰች፤ ዳለቻን ጨምሮ ሌሎቹ እስከ ጥቅምት ተከተሏት።

ወይዘሮዋ አሁን ሌላ ዙር ሊገዙ እያሰቡ ነው። እኔ የምመክራቸው ዕድሜያቸው ከፎራ ሳይደርስ፣ ከዋራው ከእናታቸው ጎን ጡት የጣሉትን እንዲገዙ ነው፤ ዋጋቸው ትንሽ ቢያይልም ሰው ያውቃሉ። የሻጩ እረኛ ራሱ መንጋውን ሲነዳ ቆሞ ማየት፣ የትኛዋ ዞራ እንደምትመጣ መለየት፣ የከሳችውንም ጊደር ጸጥታ እንደ ጠባይ አለመቁጠር። ሌላው የቀረን ዝግጅት የመጀመሪያዎቹን ወላዶች ይመለከታል። የቦረና ላም ጥጃዋ ጠብቶ ካላፈሰሰላት ወተቷን ትይዛለች፤ ስለዚህ የዚህ እርባታ ልማድ የሆነው ጥጃን ወዲያው መለየት ለእነሱ አይሠራም። በረቱ አጠገብ የጥጃ ቤት እየተሠራ ነው፤ አላቢውም ከወዲሁ ተመርጧል። የጋሼ ልጅ በየማታው ጡታቸውን በለብ ባለ ውኃ እያጠበ ያለማምዳቸዋል፤ ዳለቻ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ረግጣዋለች።